ሲስተሙ የክምሩን ላይ ያያል፤ እጁን የሚያስገባው ማን ነው?



ረመዷን ሲቃረብ በጀመዓችን ሹራ ላይ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ የማፍጠሪያውን ቴምር ማን ይግዛ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከቂሊንጦ ተነስቶ፣ ታክሲ እየቀያየረ መርካቶ ወርዶ፣ የብዙ ተማሪ ገንዘብ በአደራ ይዞ ዋጋ የሚከራከር ሰው መምረጥ ማለት ነው። ድሮ መዋጮው ከጁሙዓ በኋላ በካርቶን ይሰበሰብ ነበር። ገዢው በደብተር ይጽፋል፤ ደብተሩን የሚያዩት እሱና አሚሩ ብቻ ነበሩ። ዛሬ መዋጮው በቴሌብር ይገባል፤ ገቢና ወጪው ማንኛውም አባል በስልኩ ሊከፍተው በሚችል ሰንጠረዥ ላይ ይመዘገባል፤ የሦስት ነጋዴዎች ዋጋ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ግሩፓችን ይለጠፋል።

እንዲህ ተደርጎም አንድ ዓመት ተታለልን። ሰንጠረዡ ምንም እንከን አልነበረውም። ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቧል፣ ዝቅተኛው ዋጋ ተመርጧል፣ ደረሰኙ ተለጥፏል። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ግን ከላይ ያለው ቴምር ጥሩ፣ ከሥሩ ያለው የደረቀና የነቀዘ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱን በአንድ ወንድም ላይ መጣል አንችልም። ሁላችንም ሰንጠረዡን አይተናል፤ ማናችንም ካርቶኑን እስከ ሥሩ አልከፈትንም።

ይህን ያነሳነው የቆየ ነገር ለመቆስቆስ አይደለም። በአገራችን የመንግሥት ግዥ ላይ እየመጣ ያለው ለውጥ ይህንኑ የቴምር ጉዳይ በብዙ ሺህ እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳየን ነው። ነገ ተመርቀን ስንወጣ ደግሞ አብዛኞቻችን በዚያ ሥራ ውስጥ በአንድም በሌላም በኩል መግባታችን አይቀርም።

ከፖስታው ወደ ስክሪኑ

ጨረታ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ነጋዴ የሆነ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ተጫራቹ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ የማይመለስ ገንዘብ ከፍሎ ሰነዱን ይገዛል። ኦሪጅናልና ኮፒ ብሎ ለይቶ፣ ቴክኒካሉንና ፋይናንሺያሉን በየፖስታው በሰም አሽጎ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ አሠርቶ፣ ሰዓቱ ሳያልፍበት ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ከጅማ ወይም ከደሴ የሚመጣ ነጋዴ ለአንድ ጨረታ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ሰነዱን የሚሸጠው ሠራተኛ እነማን እንደገዙ ያውቃል፤ ያንን የስም ዝርዝር ማግኘት ብቻውን ተጫራቾች ተፈላልገው ዋጋ እንዲነጋገሩ በቂ ነበር። ከፋይሉ አንድ ገጽ ሊጎድል፣ አንድ ፖስታ በአግባቡ አልታሸገም ተብሎ ሊወድቅ ይችላል።

በዚያ ዘመን የግዥ ሠራተኛው ቀን የሚያልፈው ወረቀት በማንቀሳቀስ ነበር። ሰነድ ያባዛል፣ ይሸጣል፣ ፖስታ ይቀበላል፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ ፊርማ ለማሰባሰብ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ሥልጣኑም ያለው እዚያው ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ፋይሉ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለና ለስንት ቀን እንደሚቆይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የፌዴራል መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት በ2014 ዓ.ም. በጥቂት መሥሪያ ቤቶች ተሞክሮ በተከታዮቹ ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ ወደ ሌሎች የፌዴራል ተቋማት ተስፋፋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ወጥቶ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ተካ። በአዲሱ አሠራር ነጋዴው በሲስተሙ ይመዘገባል፣ ጨረታውን ባለበት ሆኖ ያያል፣ ዋጋውን በኢንተርኔት ያስገባል። የመክፈቻው ሰዓት እስኪደርስ ዋጋው ተቆልፎ ይቆያል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ይመዘገባል። ሳጥኑም፣ ሰሙም፣ የፋይሉ መጥፋትም ታሪክ ወደመሆን እየሄዱ ነው።

ይህ ትልቅ ኸይር ነው። የቁርኣን ረጅሙ አያ ስለ ምን እንደሚያወራ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ያዘዘን የዕዳን ውል እንድንጽፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁም፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ አትሰልቹ፣ ጸሐፊውም ምስክሩም አይጎዱ የሚሉ ትእዛዞች እዚያ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። የማይሰለች ጸሐፊ ብለን ብናስብ ኮምፒውተርን የሚያክል የለም። ስለዚህ አንድ ሙስሊም ባለሙያ ሲስተሙን ሥራ የሚያበዛ ጣጣ አድርጎ ሊያየው አይገባም። የሚጽፍና የሚመሰክር መሣሪያ መጥቶለታል።

ሁለቱ ጫፎች

ሆኖም ሲስተሙ አጥርቶ የሚያየው የግዥውን መካከል ነው። ጨረታው ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ አሸናፊው እስኪታወቅ ያለውን ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ያለው ጫፍ፣ ማለትም ምን እንደሚገዛ የሚወሰንበት፣ እንዲሁም ከዚያ በኋላ ያለው ጫፍ፣ ማለትም የተገዛው ዕቃ የሚረከብበት፣ ዛሬም በሰው እጅ ናቸው። መካከሉ በተዘጋ ቁጥር ማጭበርበር የሚፈልግ ሰው ወደ እነዚህ ጫፎች ይሄዳል።

መጀመሪያ ያለውን እንይ። አንድ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ሊገዛ ነው እንበል። ሕጉ በዝርዝር መግለጫው ላይ የአንድ ድርጅት ምርት ስም እንዳይጠቀስ፣ ካልተቻለም "ወይም ተመጣጣኝ" የሚል እንዲጨመርበት ይፈልጋል። ነገር ግን ስም ሳይጠሩ ስም መጥራት ይቻላል። የላፕቶፑ ክብደት እስከ ግራም፣ የስክሪኑ ስፋት እስከ ነጥብ ድረስ ተጽፎ፣ የሶኬቶቹ ብዛት ሲጨመርበት ገበያው ውስጥ የሚያሟላ አንድ ሞዴል ብቻ ይቀራል። ሲስተሙ ይህን ጨረታ ለሁሉም ክፍት ብሎ ያወጣዋል። ሁሉም ያየዋል፤ የሚያሸንፈው ግን ስፔሲፊኬሽኑ የተሰፋለት አንዱ ነው። ተቃራኒውም አለ፦ "ጥራት ያለው ወንበር" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው በዓመቱ የሚሰበረው ወንበር ይሆናል። እዚያ ላይ ማንም ጉቦ ባይበላ እንኳ የሕዝብ ገንዘብ ባክኗል።

የዕቅድ ጉዳይም አለ። ከመስከረም ጀምሮ የሚታወቅ ፍላጎት ሆን ተብሎ ወይም በስንፍና ይቆይና፣ በጀቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል "አስቸኳይ ነው" ተብሎ ጨረታው ይዘለላል። አንድ ትልቅ ግዥ በትናንሹ ተቆራርጦ በፕሮፎርማ ይገዛል። ሲስተሙ የገባለትን ጥያቄ ያስተናግዳል፤ ጥያቄው ለምን ዘገየ ብሎ የሚቆጣ ሰው ያስፈልጋል።

በተጫራቾችም በኩል አለ። ሦስት ዋጋ ገብቷል፤ ሁለቱ ግን ለመሸነፍ የገቡ ናቸው፤ ሦስቱም የተጻፉት በአንድ እጅ ነው። በፊቅህ ነጀሽ የሚባለውን ተምረናል፦ ዕቃውን ሊገዛ ሳይፈልግ ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ የሚጨምር ሰው ሥራ ሐራም ነው። ለመሸነፍ የሚገባ ዋጋም በእኛ አስተያየት የዚያው ወንድም ነው። እዚህ ላይ ግን ቴክኖሎጂው ለግዥ ባለሙያው አዲስ ዓይን ይሰጠዋል። ወረቀት በነበረ ጊዜ የአምስት ዓመት ጨረታዎችን አንድ ላይ ማየት አይታሰብም ነበር። ዛሬ ሁለት ድርጅቶች እየተፈራረቁ ማሸነፋቸውን ወይም አንዱ ሁሌ በትንሽ ልዩነት መሸነፉን ከመረጃው ማውጣት ይቻላል። የግዥ ሠራተኛው ከወረቀት ተሸካሚነት ወደ መረጃ አንባቢነት ተሸጋግሯል። የሚያነበው ከሌለ ግን መረጃው ተከማችቶ ይቀመጣል፤ ያ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጫፍ መጋዘኑ በር ላይ ነው። ዕቃው ይመጣል፤ ኮሚቴው ያያል፤ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 ቆርጦ ገቢ ያደርጋል። ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ ዕቃው ተሟልቶ እንደገባ ይቆጠራል፤ ክፍያውም ይከተላል። ውሉ ላይ ያለው ዕቃና ከመኪናው የወረደው ዕቃ አንድ መሆናቸውን በዚያች ቅጽበት የሚያውቀው እዚያ የቆመው ሰው ነው። ሲስተሙ የሚያውቀው እሱ የነገረውን ያህል ነው።

የዚህን ክብደት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከግቢያችን ብዙም ሳይርቅ ለመድኃኒት አምራቾች የተከለለው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የመድኃኒት ዋጋ በስክሪን ላይ ማወዳደር ቀላል ነው። የአገልግሎት ዘመኑ ስንት ወር እንደቀረው፣ በቀዝቃዛ ቦታ መያዝ ያለበት በመንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት እንደሆነ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ መሆኑን ለማወቅ ግን ካርቶኑን መክፈት ግድ ነው። የእኛ ቴምር ቢበላሽ ተቆጥተን አለፍን። ኢንሱሊን ቢበላሽ የሚከፍለው በሽተኛው ነው።

እጅን ወደ ክምሩ ማስገባት

ኢማሙ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውንም እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው ወቀሱት፤ የሚያታልል ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ።

ብዙ ጊዜ ከዚህ ሐዲስ የምንወስደው የሻጩን ትምህርት ነው። የገዢውም ትምህርት አለበት። እርጥቡን ወደ ላይ የማውጣት ግዴታ የሻጩ ነው፤ ነገር ግን እርጥበቱ የታወቀው እጅ ወደ ክምሩ ስለገባ ነው። የክምሩ ላይ ደረቅ ነበር፤ ከላይ ብቻ ላየ ሰው ምንም ጉድለት የለውም። የኤሌክትሮኒክ ግዥ ብዙ ነገር ወደ ክምሩ ላይ አውጥቶልናል፤ ያም ከሐዲሱ መንፈስ ጋር የሚሄድ ነው። የዘመኑ የግዥ ባለሙያ ሥራ ግን እጁን ማስገባት ሆኗል። ይህ ሥራ ከበፊቱ ያነሰ አይደለም፤ የበለጠ ዕውቀትም የበለጠ አማናም ይጠይቃል።

ሌሎች አገሮችም ይህንኑ እየተማሩ ነው። ዩክሬን ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ሕዝባዊ እንቅስቃሴ በኋላ በጎ ፈቃደኞች የጀመሩትን ፕሮዞሮ የተባለ የግዥ ሥርዓት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ አስገዳጅ አደረገች። ሥርዓቱ ክፍት መሆኑ ብቻውን አልበቃም። ዜጎችና ማኅበራት ጨረታዎቹን እየመረመሩ ቅሬታ የሚያቀርቡበት ዶዞሮ የተባለ ሌላ መድረክ ተጨመረለት። የሚታይ ነገር የሚያየው ሰው ስለፈለገ ነው። አልባኒያ በበኩሏ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ገደማ ዲዬላ የተባለችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የምትሠራ "ሚኒስትር" ለመንግሥት ግዥ መሾሟን አስታወቀች። ጉቦ የማይበላ ሚኒስትር ማግኘት የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ማሽን ጉቦ ባይበላም የሚመገበውን መረጃ የሚጽፈው ሰው ነው፤ የሚያሸንፈው ዕቃ ሲመጣም ካርቶኑን የሚከፍተው ሰው ነው። አማና በማሽን ላይ አይጣልም፤ የቂያማ ቀን የሚጠየቀው ሰው ነው።

የሚነሱ ጥያቄዎች

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች ሲስተሙ ትንንሽ ነጋዴዎችን ይጎዳል ይላሉ። እውነትነት አለው። ኮምፒውተር የሌለው፣ መብራትና ኔትወርክ የሚቆራረጥበት፣ ቅጹን መሙላት የሚቸግረው የእንጨት ሥራ ማኅበር ፖስታ ማሸግ ይቀለው ነበር። "ሲስተም የለም" የሚለውን ቃል በየቢሮው ያልሰማ የለም። ለዚህ መልሱ ወደ ፖስታው መመለስ አይደለም፤ ማስተማር ነው። እኛ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት በአቃቂ ቃሊቲ ያሉ ወጣት ማኅበራትን ምዝገባና የጨረታ አሞላል ብናሳይ የሰደቃ ዓይነት ነው፤ ከኪሳችን ምንም ሳይወጣ።

ሌሎች "እኛ ኢንጂነሮች ነን፤ ግዥ የሎጂስቲክስና የአካውንቲንግ ሰዎች ጉዳይ ነው" ይላሉ። እዚህ ላይ በጣም ተሳስተናል። የግዥ ክፍሉ ስለ ትራንስፎርመር ወይም ስለ ላቦራቶሪ ዕቃ አያውቅም፤ ስፔሲፊኬሽኑን ጻፉልኝ ብሎ የሚጠይቀው ኢንጂነሩን ነው። በቴክኒክ ኮሚቴ የሚቀመጠው ኢንጂነሩ ነው። ዕቃው ሲመጣ ፈትሾ የሚፈርመውም እሱ ነው። ሁለቱም ጫፎች በእኛ እጅ ናቸው ማለት ነው።

ከተመረቃችሁ በኋላ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት አንድ አለቃ የአንድ ድርጅት ካታሎግ አምጥቶ "ይህን ወደ ስፔሲፊኬሽን ቀይረው" ሊላችሁ ይችላል። ጉቦ አይደለም፤ ገንዘብ አላየንም፤ መገልበጥ ብቻ ነው። እምቢ ማለት ዕድገት ሊያስቀር፣ ወደማይፈለግ ቦታ ሊያዛውር ይችላል፤ ይህን አቅልለን አንናገርም። ለዚህ ነው ከአሁኑ መዘጋጀት የሚያስፈልገው። ሦስት አምራቾችን የሚያውቅ፣ ደረጃዎችን ያነበበ ኢንጂነር ለአለቃው "ይህ ቁጥር ሌሎቹን ያስወጣል፤ ሥራችን የሚፈልገው ይህን ያህል ነው" ብሎ በሥነ ሥርዓት ማስረዳት ይችላል። ዕውቀት የሌለው ግን ልቡ ንጹሕ ቢሆንም ይገለብጣል።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ኃላፊ እንዲያደርጋቸው ንጉሡን ሲጠይቁ ስለ ራሳቸው የጠቀሱት ሁለት ነገር ነው፦ ጠባቂነትና ዐዋቂነት። አንዱ ያለ ሌላው አልተጠቀሰም። ሰባቱን የድርቅ ዓመታት ሕዝብ የተሻገረው በዚህ ነው። ከእኛ መካከል ተቅዋ አለኝ ብሎ ሙያውን የሚያቃልል፣ ወይም በሙያው ተመክቶ አማናን የሚረሳ ካለ የዩሱፍን ጥያቄ በድጋሚ ያንብብ።

ስጦታንም አንርሳ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ዘካ ሊሰበስብ የተላከ አንድ ሰው ተመልሶ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ሲል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በእናትና አባቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ይህች ጥያቄ ለግዥ ባለሙያ ከየትኛውም የሥነ ምግባር ማንዋል ታጥራለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሊሰቅላት ይገባል። የምሳ ግብዣ፣ የዒድ በግ፣ ለልጅ የተገዛ ስልክ ሲመጣ፦ ወንበሩ ላይ ባልቀመጥ ኖሮ ይህ ይመጣልኝ ነበር?

ከራሳችን እንጀምር

ለአገር የምንመክረውን በጀመዓችን ካልሠራንበት ንግግር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለመጪው ረመዷን ግዥ ለሹራው አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የምንፈልገው ነገር በጽሑፍ ይውጣ፦ የቴምሩ ዓይነት፣ ክብደት፣ የማብቂያ ጊዜ፤ አባላትም አይተው አስተያየት ይስጡ።

ሁለተኛ፣ የሚገዛውና የሚረከበው ሰው የተለያዩ ይሁኑ። የሚረከቡት ሁለት ይሁኑ፤ ከየካርቶኑ ሥር ድረስ ያዩ፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከነጋዴው ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለው ወንድም ወይም እህት አስቀድሞ ይናገር፤ ከውሳኔውም ይራቅ። መናገሩ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ኋላ መታወቁ ነው።

አራተኛ፣ ሰንጠረዡ ላይ "የደረሰን ዕቃ" የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። እስካሁን የከፈልነውን እንጂ የተቀበልነውን አልጻፍንም ነበር።

እነዚህን በቴምር ላይ የለመደ እጅ ነገ በትራንስፎርመርና በመድኃኒት ላይ አይቸገርም። ያልለመደ ደግሞ ምንም ዓይነት ሲስተም ቢሰጠው ከላይ ብቻ አይቶ ይፈርማል።

አላህ (ሱ.ወ.) የሚያውቁና የሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን፤ ከእጃችን የሚያልፈውን የሕዝብ ገንዘብ ምስክር ያድርግልን እንጂ ምስክር አያድርግብን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።